ደጅ የሚቆም ዘፈን፣ ጓዳ የሚገባ ዘፈን

ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምንኖርበት ግቢ በር ላይ ጎሕ ሳይቀድ ላሊበላዎች መጥተው ያንጎራጉሩ ነበር። ወንዱ ይጀምራል፣ ሴቷ ትቀበላለች። የአባወራውን ስም ቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ያውቁታል፤ ስሙን እየጠሩ ያሞግሱታል፣ ልጆቹን ይመርቃሉ። አያቴ ነጠላዋን ደርባ ትወጣና ያላትን ትሰጣቸዋለች፤ ምርቃቱን “አሜን” ብላ ተቀብላ ትመለሳለች። ማንም አልጠራቸውም፤ ከጣፋጭ እንቅልፍም ይቀሰቅሱናል። ሆኖም አንድም ቀን የአጥሩን በር አልፈው ሲገቡ አላየሁም። “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ የሚመጣው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነበር። ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እግሩ ግን ደጃፉ ላይ ይቆማል።

ይህ ትዝታ የተመለሰብኝ ዩቱ ስለተባለው የአየርላንድ ሮክ ባንድ ሳነብ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ ይህ ባንድ ከአፕል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ አዲስ አልበሙን በነጻ አደለ። ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆኑ አይቲውንስ የተባለው የአፕል የሙዚቃ መደብር ደንበኞች አልበሙን ሳይጠይቁት በየግል የሙዚቃ ማኅደራቸው ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ነጻ ስጦታ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ተቆጣ። አፕል በቀናት ውስጥ አልበሙን ማጥፊያ ገጽ ለማዘጋጀት ተገደደ። የባንዱ ድምፃዊ ቦኖ ከወር በኋላ ይቅርታ ሲጠይቅ ምክንያቱን አልሸፋፈነም፤ ትንሽ የታላቅነት አባዜ፣ ትንሽ ቸርነት፣ ትንሽ ራስን ማስተዋወቅ፣ ከዚያም ዓመታት የለፋንበት ሥራ ሳይሰማ ይቀር ይሆን የሚል ጥልቅ ፍርሃት ነበረብን አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ደግሞ ጥፋቱን በወተት መሰለው። ወተቱን በየሰው ደጃፍ ማስቀመጥ ሲገባን የሁሉንም ሰው ማቀዝቀዣ ከፍተን አስገባነው የሚል ሐሳብ ነው።

አያቴ ደጃፍ ላይ የቆሙት ዘፋኞች ይህን ድንበር ያውቁት ነበር።

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። እኛም ጋ ግን ጥያቄው በሌላ መልኩ መጥቷል። ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ከዘፋኙ ቀድሞ የሚነሳው የስክሪኑ ስፋት ሆኗል። ስንት ሜትር ነው? ስንት ካሜራ አለው? ስፖንሰሩ ማን ነው? ወጣት ድምፃውያን ሥራ ሳይጨርሱ ፖስተር ያሠራሉ፤ አንድ ነጠላ ዜማ ለመልቀቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሳቸውን ፊት በየሰው ስልክ ያዘዋውራሉ። ትልልቆቻችን ይህን ሲያዩ “ምን ዓይነት ራስ ወዳድነት ነው” ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን የሚለካው የጩኸቱን መጠን ነው። መለኪያው ሌላ ይመስለኛል። ሰሚው እምቢ የሚልበትና መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው ወይ ነው ዋናው። ይህን ለማሳየት እንደ ዩቱ የሚጠቅም ምሳሌ አላውቅም፤ ምክንያቱም ይህ ባንድ በአንድ ዕድሜው ሁሉንም ሞክሮታል።

ዩቱዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስማቸው የታወቀው በቅንነታቸው ነበር። መድረካቸው ባዶ ነው፤ ነጭ ባንዲራ ይዞ የሚዘልል ድምፃዊ ብቻ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ራሳቸው በተሠራ ፊልም ላይ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ጎን ተሰልፈው ሲታዩ ግን ተቺዎች ተነሱባቸው። ራሳቸውን ካቡ፣ ለዓለም የሚሰብኩ ነቢያት መሰሉ ተባሉ። መልሳቸው ዝምታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1992 ፍሎሪዳ ውስጥ ጀምረው በታኅሣሥ 1993 ቶኪዮ ላይ የጨረሱት “ዙ ቲቪ” የተባለው የኮንሰርት ጉዞ ክሱን ራሱን መድረክ ላይ አወጣው።

በዚያ ጉዞ 157 ኮንሰርት ቀርቧል፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሽጧል። መድረኩ በቴሌቪዥን ስክሪኖች ተሞልቷል። ትራባንት የሚባሉት የምሥራቅ ጀርመን ትንንሽ መኪኖች በገመድ ተንጠልጥለው፣ ከውስጣቸው መብራት ተገጥሞላቸው ይበራሉ። ቃላት ከዓይን ፍጥነት በላይ ይፈራረቃሉ፤ ከመካከላቸው “የምታውቀው ሁሉ ስህተት ነው” የሚል ይገኝበታል። ቦኖ ሪሞት ይዞ በሳተላይት የሚመጡትን ጣቢያዎች ይቀያይራል። የብር ሱፍ ለብሶ፣ መስተዋት ይዞ፣ የራሱን ምስል ይስማል። አንዳንድ ማታ ከመድረኩ ላይ ስልክ አንስቶ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይደውላል፤ ፕሬዚዳንቱ አንድም ቀን አላነሱም። ዲትሮይት ላይ ለታዳሚው 10,000 ፒዛ አዘዘና 100 መጣለት። ይህን ሁሉ ለማንቀሳቀስ ሥራ ኖረም አልኖረ በቀን ወደ 125,000 ዶላር ይወጣ ነበር።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ማስታወቂያ፣ ጩኸት፣ ራሱን የሚስም ሰው ነው። ወርቁ ደግሞ “ተመልከቱ፣ ቴሌቪዥንና ዝና ሰውን እንዲህ ያደርጉታል” የሚለው ነው። በዲማ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በጸላሎ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ግን ወዲያው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ምሳሌው የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ መግቢያ የለውም። እና ዙ ቲቪ ላይ ሰሙ ቀልጧል ወይ? በማስታወቂያ ላይ የሚያላግጥ ትዕይንት ራሱ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ማስታወቂያ ሆኖ ከቀረስ? ትኬቱ ተሽጧል፣ አልበሙ ተቸብችቧል፣ መስተዋት የሳመው ሰውዬ ፊቱ በዓለም ሁሉ ታውቋል።

መልሱን የሰጠው ሳራዬቮ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ክረምት ያች የቦስኒያ ዋና ከተማ በጦርነት ተከባ ትደበደብ ነበር። ቢል ካርተር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እዚያው ሆኖ የእርዳታ ሥራ ይሠራና ፊልም ያነሣ ነበር፤ ባንዱን አግኝቶ በየኮንሰርቱ መሀል በሳተላይት ከከተማዋ ነዋሪዎች ጋር በቀጥታ እንዲያገናኟቸው አደረገ። በአውሮፓ ስታዲየሞች ቢራውን ይዞ የሚጨፍረው ሕዝብ በድንገት የጦርነት ሰው ፊት በስክሪኑ ላይ ያያል። አንድ ማታ ከሳራዬቮ የቀረቡ ሴቶች እናንተ ትዝናናላችሁ፣ እኛ ግን እንሞታለን፣ ምንም እንደማታደርጉልን እናውቃለን የሚል ቃል ተናገሩ። ስታዲየሙ ደነገጠ። ጋዜጦች የሰውን ሰቆቃ ለመድረክ ማድመቂያ አደረጋችሁት ብለው ጻፉ፤ የባንዱ ከበሮ መቺ ላሪ ማለን ሳይቀር ነገሩ እንደከበደው ተናግሯል። ግንኙነቱም ብዙም ሳይቆይ ቆመ።

ተቺዎቹን እረዳቸዋለሁ። እኔ ግን ሰሙ የቀለጠው በዚያች ቅጽበት ነው እላለሁ። በጉዞው ሁሉ በስክሪኑ የወጣው ነገር ባንዱ ያዘጋጀው ወይም የመረጠው ነበር። እነዚያ ሴቶች ያሉት ግን ማንም ያላዘጋጀው፣ ባንዱን ራሱን የሚከስ ቃል ነበር። ስክሪኑ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጠ። ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው በራሱ ስክሪን ላይ ራሱ ሲወቀስ ሺዎች እንዲያዩ መፍቀዱ ቀላል ነገር አይደለም። ግንኙነቱን ማቆማቸውን ግን አልወድላቸውም።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ባንድ “ፖፕማርት” በሚል ሌላ ጉዞ ወጣ። ጉዞውን ያስታወቁት ኒው ዮርክ በሚገኝ ኬማርት የሚባል መደብር ውስጥ ነው። መድረኩ ላይ 30 ሜትር የሚደርስ ቢጫ ቅስት ቆመ፤ ከአንድ ግዙፍ ሎሚ ውስጥ እየወጡ ይዘፍኑ ነበር፤ ኦስሎ ላይ ሎሚው አልከፈት ብሎ ውስጡ ቀሩ። እዚህ ላይ ሰሙ ወፍሮ ወርቁን ውጦታል፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነገር ግን የዚያ ጉዞ አንድ ማታ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 እንመጣለን ያሉትን ቃል ጠብቀው ሳራዬቮ ገቡ። ወደ 45,000 ሕዝብ ስታዲየም ሞላ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ተንቀሳቅሶ በጦርነት የተለያዩ ወገኖችን አንድ ላይ አመጣ። ያን ማታ የቦኖ ድምፅ ተዘጋ። ዘፈኑን ሕዝቡ ተቀብሎ ዘፈነለት። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው “ተቀበል!” የሚለውን ቃል የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ባንዱና እኛ ደግሞ የቆየ ታሪክ አለን፤ ይህን ሳላነሳ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ሲካሄድ ዩቱ ከዘፋኞቹ አንዱ ነበር። ቦኖ በመሀል ከመድረኩ ወርዶ ከታዳሚዎች መካከል አንዲት ወጣት አቅፎ ጨፈረ። ሰዓቱ አለቀና ታዋቂ ዘፈናቸውን ሳይዘፍኑ ወረዱ፤ ጓደኞቹ ዕድላችንን አበላሸህ ብለው ተቆጡት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በዓለም ላይ ታዋቂ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ያ ቅጽበት ሆነ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቦኖና ባለቤቱ ብዙ ሳይወራለት ወሎ፣ አጅባር መጥተው በአንድ መጠለያ ለሳምንታት ሠርተዋል። ይህን አከብረዋለሁ። የአንድ ሰው ቅን ልብና የስሙ መግዘፍ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉም ከዚህ ተምሬያለሁ።

ግን የተዘፈነላቸው ሰዎች ያን ጊዜ የት ነበሩ? በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከጎዳቸው አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰው ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ወደነበረው መተከል፣ ወደ ፓዌ ለሰፈራ ተወሰደ። ብዙዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ቆላውና ወባው የገደላቸው ጥቂት አይደሉም። የሰፈራውን አፈጻጸም በአደባባይ የተቃወመው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቡድን በ1985 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከሀገር ተባረረ። ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ በስክሪን የታየው የተራበ ሕፃን ፊት ነው፤ ፓዌ የደረሰው ገበሬ ምን እንዳለ የጠየቀ ስክሪን አልነበረም። ላይቭ ኤይድ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። የዘፋኞቹ ስም መግነኑ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ስለ እነሱ የተዘፈነላቸው ሰዎች አንድ ቃል እንኳን አለመመለሳቸው ነው።

ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሷን ጉዞ አደረገች። በ1980 ዓ.ም. “ሕዝብ ለሕዝብ” የተባለው የኪነት ቡድን በአውሮፓና በአሜሪካ እየተዘዋወረ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና አቀረበ። የዚያ ዘመን መንግሥት ገጽታውን የሚያሳምርበት መድረክ እንደነበር ግልጽ ነው። ቢሆንም መድረኩ ላይ የወጡት እስክስታ መቺዎች፣ ዋሽንት ነፊዎችና መሰንቆ መቺዎች በስክሪን የታየውን የረሃብ ፊት በራሳቸው አካል መለሱ። “እኛ ይህም ነን” አሉ። ራስን ማስተዋወቅ ክብርን ማስመለሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጉዞ የማየው በዚህ ዓይን ነው።

ጎጃም ደግሞ ራስን ማሞገስ ነውር ነው የሚል ሀገር ሆኖ አያውቅም። ፉከራ የማን ነው? ፎካሪው መሀል ገብቶ ስሙን ይጠራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ራስን ማስተዋወቅ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ፎካሪው የሚፎክረው አብረውት የዘመቱ ሰዎች ባሉበት ነው። ያላደረገውን ቢል እዚያው የሚያሳፍረው አለ። ፉከራ ምስክር ያለበት ውዳሴ ነው። ስለ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የሚነገረውን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲሰጥ ለራሱስ ምን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ፣ እናቴ በላይ ብላ ሰይማኛለች፣ ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ ብሎ መለሰ ይባላል። ትሕትና ነው ወይስ ኩራት? ሁለቱንም ሆኖ ይሰማኛል። ከራሱ በፊት ለሌሎች ሰጥቶ ስለነበር ኩራቱን የሚጠላ አልተገኘም።

ስፖንሰርም ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ የሚኖረው በሚያሞግሰው ሰው ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ብሩ በሁሉም ሰው ፊት ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ መሆኑ ነው። ማን እንደከፈለ ቤቱ ሁሉ ያያል። ከፋዩ “እንዲህ በል” ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ ከወዲያ ጥግ የተቀመጠው ደግሞ “አይ፣ እንዲህ በል” ብሎ ሌላ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪውም ለሁለቱም ይታዘዛል። አንዳንዴ በሰምና ወርቅ ከፋዩን ራሱን ይወጋዋል፤ ከፋዩ ቢገባው እንኳ ስቆ ይደግመዋል። ገንዘብ አለ፣ ሙገሳ አለ፣ መልስም አለ።

እንግዲህ የዛሬው የኮንሰርት ቴክኖሎጂ ከዚህ ልማድ ጋር የሚጋጭበት ቦታ በትክክል የት ነው? ብዙ ሰው ስክሪኑ ነው ይላል። ከሳውንድ ሰዎች ጋር ተቀምጬ የተረዳሁት ግን ችግሩ ሰዓት ነው። በቪዲዮ የታጀበ ትዕይንት ላይ እያንዳንዱ ምስል፣ እያንዳንዱ መብራት ከዘፈኑ ጋር በሰከንድ ተቆራኝቶ አስቀድሞ በኮምፒውተር ይዘጋጃል። ከበሮ መቺው ጆሮው ላይ በተሰካ ማዳመጫ የሰዓት ምት እየሰማ ይመታል፤ ባንዱ በሙሉ እሱን ይከተላል። ድምፃዊው አንድ ስንኝ ልጨምር ቢል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ልደግም ቢል፣ ምስሉ ጥሎት ይሄዳል። ትርዒቱ በየከተማው አንድ ዓይነት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ባሕር ዳርም ሐዋሳም ያው ነው፤ የከተማዋ ስም ብቻ ይቀየራል። አዝማሪ ቤት ላይ ግን ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ዲማ ያለ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ መምህሩ አይሰሙትም።

ይህ ግን የግድ አይደለም። ዙ ቲቪ ራሱ ቪዲዮ እየተቀያየረ፣ የቀጥታ ጣቢያ እየገባ፣ ክፍት ቦታ ይተው ነበር። በስታዲየሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዳስ አቁመው ታዳሚው ገብቶ ለካሜራ የልቡን እንዲናገር አድርገዋል፤ ከዚያ የተመረጠው በዚያው ማታ በትልቁ ስክሪን ይታይ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1980 እና 1981 “ግድግዳው” በሚለው ትርዒታቸው በራሳቸውና በታዳሚው መካከል 12 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ በካርቶን ጡብ እየገነቡ ይዘፍኑ ነበር። ሐሳቡ የመነጨው ከባንዱ አባላት አንዱ ሮጀር ዋተርስ ሞንትሪያል ላይ በአንድ ታዳሚ ላይ ከተፋ በኋላ በራሱ ደንግጦ ነው። 31 ጊዜ ብቻ፣ በአራት ከተሞች ብቻ ቀረበ። ዝናው ራሳቸውን ከሰው እንደለያቸው በግድግዳ ያመኑ ሰዎች ናቸው። በቅርቡ ዩቱ ራሱ ላስ ቬጋስ በሚገኘው ስፊር አዳራሽ ከመስከረም 2023 እስከ መጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) 40 ማታ ተጫውቷል። የውስጡ ስክሪን ወደ 15,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ሙዚቀኞቹ ከሥሩ ጉንዳን ያህላሉ። ያን ያህል ስክሪን ሲኖር አዳራሹ ራሱ ኮከብ ይሆናል፣ ባንዱም እንግዳ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የባሕር ዳር ስታዲየም ጥር 2010 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮን ኮንሰርት ሲያስተናግድ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ሰው እንዴት እንደጎረፈ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከዚያ ማታ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት የስክሪኑን ስፋት አይደለም፤ ሕዝቡ ከዘፋኙ በላይ መዝፈኑን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ሌላ ዘመን አመጣ። ትልቅ ኮንሰርት ብርቅ ሆነ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለቆየም ወጣት ድምፃውያን ሥራቸውን የሚያደርሱበት መንገድ ወደ ሚሞሪ ካርድ ጫኝ ሱቆች ተመለሰ። ቲክቶክ ሳይኖር ዘፈን ከሰው ወደ ሰው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሄደ። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ለወዳጁ “ይህን ስማው” ብሎ የሚጭንለት ዘፈን ሰውዬው ወዶ የመረጠው ነው። ማንም ጓዳው ውስጥ አላስገባበትም።

ለወጣቶቹ ግን ፍርድ መስጠት አልፈልግም፤ የተገፉበትን አውቃለሁ። ካሴትና ሲዲ ሞተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የሮያሊቲ አሰባሰብ ከተደነገገ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሆኖም ዘፈኑ በየካፌውና በየአውቶቡሱ የሚከፈትለት ወጣት ከዚያ የሚኖርበት ገንዘብ ኪሱ አይገባም። መድረክ ብቻ ቀረ። መድረክ ደግሞ ሞንታርቦ፣ ጄኔሬተር፣ ስክሪንና የጥበቃ ሠራተኛ ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይዘጋል፣ ክረምቱ ያስቆመዋል፤ የሚሠራበት ወር ጥቂት ነው። ይህን ወጪ ለዓመታት የሸፈነው ቢራ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ለጤና ተገቢ ነበር፤ የሙዚቃው ገንዘብ ግን አብሮ ሳሳ። ስፖንሰር እንዴት ቶሎ እንደሚሸሽ ደግሞ ቀድሞም ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ለቴዲ አፍሮ ተከታታይ ኮንሰርት ታስቦ የነበረው የበደሌ ቢራ ድጋፍ በተነሣ የማዕቀብ ዘመቻ ምክንያት ገና ሳይጀመር ተሰርዟል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ወጣት ፊቱን በየስልኩ ቢያዘዋውር ቦኖ የተናዘዘው ያ ፍርሃት ነው፤ ሥራዬ ሳይሰማ ይቀራል የሚለው።

ፍርሃቱን መረዳት ግን ሁሉን መቀበል አይደለም። ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ልሂድ። አንድ ትልቅ ከተማችን ውስጥ ኮንሰርት ገብቼ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራል ተብሎ ትኬት ተሸጠ፤ ዘፋኙ የመጣው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። በእነዚያ አራት ሰዓታት ስክሪኑ የስፖንሰሩን ዓርማና የዘፋኙን ፎቶ እያፈራረቀ ያሳየን ነበር፤ ምናልባት መቶ ጊዜ። ከኋላዬ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ቆመዋል፤ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ይዟቸው መጥቶ ነው። “አያ፣ ሲመጣ ንገረኝ፤ ይህ ሥዕሉ ነው አይደል?” አሉኝ። ዘፋኙ ሲመጣም ሲዲ እያስከፈተ አፉን ብቻ አንቀሳቀሰ። አዛውንቱ ገባቸው። “ይህስ ሥዕሉ ነው ለካ” ብለው ከልጃቸው ጋር ወጡ። ያን ማታ የተሰማኝ ሐዘን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ሰውየው ገበያ ውለው ትኬት ገዝተው የመጡት ሰው ለመስማት ነበር።

ጥፋቱ ፎቶው ትልቅ መሆኑ አልነበረም። ከከተማ ወደ ከተማ ሞንታርቦ ጭኖ “ዛሬ ማታ!” እያለ የሚዞር መኪና እንኳን ጥፋት የለበትም፤ አስፋልቱ ላይ ነው የሚጮኸው፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት ይቻላል። ጥፋቱ ሰዉን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መልስ የማይቀበል ምስል ፊቱ ላይ ማቆሙ ነው።

ሰላም ወርዶ ስታዲየሙ እንደገና ሲሞላ፣ አዘጋጆች ስክሪን መከራየታቸው አይቀርም፤ እንዲከራዩም እወዳለሁ። ከሩቅ ቆመው የሚያዩ ልጆች የመሰንቆ መቺውን ጣት በቅርብ ማየት ይገባቸዋል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመግቢያው በር አጠገብ አንድ ዳስ ይቁም። ውስጡ አንድ ካሜራና አንድ የእጅ ጽሑፉ ጥሩ የሆነ ሰው ይቀመጥ፤ የቅኔ ቤት ተማሪ ቢሆን ይመረጣል። የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ገበሬውም ተማሪዋም ወታደሩም፣ ያለውን ሁለት መስመር ስንኝ ይስጥ። ስለ ፍቅሩ ይሁን፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይሁን፣ ስለ ሞተበት ወንድሙ ይሁን። በሁለተኛው ዘፈን መጨረሻ የቪዲዮው ሰዓት ይቁም፤ ከበሮ መቺው ማዳመጫውን ያውርድ። የስፖንሰሩ ዓርማ ለሩብ ሰዓት ይውረድ። ስንኙ በስክሪኑ ይውጣ፣ የሰጠው ሰው ፊትም አብሮ ይታይ፣ ዘፋኙም ከመሰንቆው ጋር ይቀበለው። ዘፋኙን የሚወቅስ ስንኝ ከመጣም ይነበብ።